የእናቴ ድመት አረጀች፤ ባለቤቴም ትዕግሥቱ አለቀ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሰው የትዳርና የልጅ ጭንቀቱን በሚጽፍበት ዓምድ ላይ ስለ ድመት መጻፌ ያሳፍረኛል። ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።

የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጉለሌ ያለው ቤቷ የቀበሌ ስለነበር ዕቃዋን አውጥተን አስረከብን። ከዕቃዋ ጋር ድመቷም ወደ እኔ መጣች። ስሟ ውሮ ነው። እናቴ አይጥ ሲያስቸግራት ከጎረቤት ያመጣቻት ናት፤ አሁን 14 ዓመቷ ነው።

መጀመሪያ ላይ ምንም አላስቸገረችንም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን ሌላ ድመት ሆነች። ውሃ አትጠግብም። ሰጋቱራ የሞላንበት ሳፋ እያለላት ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። ትበላለች፤ ግን ከስታ የጀርባዋ አጥንት ይቆጠራል። ድሮ ዘላ የምትወጣበትን ሶፋ አሁን ቀና ብላ አይታው ትተወዋለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ትጮኻለች። ምግቧ ከሥጋ ቤት የምንገዛው ሳንባና የቤት ትራፊ ነው፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ሽሮ ፍትፍት።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ብዙ ችሏል። ባለፈው ሳምንት ግን ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ሲል በካልሲው ሽንቷን ረገጠና "በቃኝ" አለ። ወንድሙ "በማዳበሪያ ከትቼ ቄራ አካባቢ ጥያት እመጣለሁ፤ እዚያ ሥጋ አታጣም" ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ሐኪም በመርፌ ሊያሳርፋት እንደሚችል ነገረችኝ። ኃጢአት መስሎ ተሰማኝ። ጎረቤቴ "ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ለድመት ሐኪም?" ስትለኝ ደግሞ አፈርኩ።

እውነቱን ልናገርና እናቴ ስትሞት እንዲህ አላለቀስኩም። አሁን ግን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኩሽና ገብቼ ውሮን አቅፌ አለቅሳለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ ከጀሞ

ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በማፈር ነው። እኔም ከዚያው ልጀምር።

እናትሽ ስታርፍ አንቺ ምን ስታደርጊ ነበር? እንደ አብዛኛው የቤት ልጅ ከሆነ ድንኳን ስታስጥዪ፣ ከዕድር ጋር ስትነጋገሪ፣ ንፍሮ ሲቀቀል ስትቆጣጠሪ፣ ለቅሶ ደራሽ ስትቀበዪና ስትሸኚ ነበርሽ። ከዚያ አርባው መጣ። ከዚያ የቀበሌው ቤት ርክክብ። ቁጭ ብለሽ ለማልቀስ ጊዜ ነበረሽ ወይ? ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ የምታለቅሺው ለውሮ ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም። ውሮ ከእናትሽ ጋር 12 ዓመት የኖረች ናት። እናትሽ እንዴት እንደምትጠራት፣ ማታ የት እንደምትቀመጥ፣ በየትኛው ሰዓት ቡና እንደምታፈላ የምታውቅ፣ እስትንፋስ ያላት ምስክር እሷ ብቻ ቀርታለች። እሷን ማጣት እናትሽን እንደገና መቅበር ቢመስልሽ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ይህን ለባለቤትሽ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ምናልባት እሱ የሚያየው ምንጣፍ የምታበላሽ ድመት ብቻ ነው። አንቺ የምታዪውን አላሳየሽውም።

አሁን ወደ ቄራው ሐሳብ። በዚህ ላይ አልሸፋፍንልሽም፤ አታድርጉት። የባለቤትሽን ወንድም ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ያስቸገረችን ድመት በማዳበሪያ ከትቶ ራቅ አድርጎ መጣል ብዙዎቻችን ስናየው ያደግነው ነገር ነው። ወጣት ድመት ከሆነች ምናልባት ትተርፍ ይሆናል። ውሮ ግን አትተርፍም። ቄራ አካባቢ ያለው ሥጋ ባለቤት አለው፤ እዚያው ያደጉ ውሾችና ጠንካራ ድመቶች ተከፋፍለውታል። ሶፋ ላይ መውጣት ያቃታት ድመት ከውሻ አታመልጥም። በዚያ ላይ ያለማቋረጥ ውሃ ያስፈልጋታል። አንቺም ብትሆኚ ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሷን እያሰብሽ እንቅልፍ የምታገኚ አይመስለኝም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የጻፍሽልኝን ምልክቶች አንድ ላይ አድርጌ ሳያቸው ውሮ የታመመች ይመስለኛል። አመሏ ተበላሽቶ አይደለም። በ14 ዓመቷ፣ በሰው ዕድሜ ብናስበው ወደ 72 የምትጠጋ አሮጊት ናት። ድመት ደግሞ ሕመሟን በመደበቅ የታወቀች እንስሳ ናት። ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት ሦስት ነገሮችን ነው። አንዱ ኩላሊት ነው፤ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው። ሁለተኛው ስኳር ነው። አዎ፣ ድመትም ስኳር ይይዛታል። ሦስተኛው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ነው። ይሄኛው ድመቷን እየበላች ያከሳታል፤ ያቁነጠንጣታል፤ ሌሊት ያስጮሃታል። "ትበላለች፤ ግን ከስታለች" ያልሽው ቃል ስለዚህ ነው ትኩረቴን የሳበው። ኩላሊቱም ታይሮይዱም የደም ግፊት ሊያመጡባት ይችላሉ፤ ግፊቱ ሲበረታ ደግሞ ዓይኗን በድንገት ያጠፋዋል። ነገ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ፊቷን አዙሪና ዓይኗን እዪ። የድመት ዓይን ብሌን በብርሃን ቀጥ ብሎ ይጠባል። በቀን ብርሃን ሰፊና ክብ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ስትሄድ ከዕቃ ጋር የምትጋጭ ከሆነ፣ ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ሶፋው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች ራጅ ታይቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ተገኝቷል። ይህን ያህል የተለመደ ነው። ውሮ ሳፋዋ አጠገብ ስትደርስ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ተመልከቻት። ጠርዙ ጋ ቆም ትላለች? አንድ እግሯን አንሥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች? ከዚያ ዘወር ብላ ምንጣፉ ላይ ትሄዳለች? እንዲያ ከሆነ ሳፋውን ጠልታው አይደለም፤ ጉልበቷን እያመማት መሻገር አቅቷት ነው። ጥፍሯንም እዪው። ያረጀች ድመት ጥፍር ይወፍራል፤ አንዳንዴም ተጠማዝዞ መዳፏ ውስጥ ይገባል። ያም ብቻውን በየእርምጃው ያማታል።

ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆሞ መጮህም ብዙ ምክንያት አለው። የታይሮይድ፣ የግፊት ወይም የሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጆሮዋ ደክሞ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማም ይሆናል። ወይም እንደ አረጋውያን ሰዎች መርሳት ጀምሯት፣ በጨለማ የት እንዳለች ጠፍቷት ይሆናል። አሁን የምትኖርበት ቤት ያደገችበት የጉለሌው ግቢ እንዳልሆነ አትርሺ።

ስለዚህ ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ጊዜ ትመርመር። አዲስ አበባ ውስጥ ድመትና ውሻ የሚያዩ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞችም አሉ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ቀድመሽ ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ድመት አዘውትሮ የሚያይ ሐኪም አላችሁ? የኩላሊት፣ የስኳርና የታይሮይድ የደም ምርመራ ከሽንት ምርመራ ጋር ማሠራት ትችላላችሁ? ዋጋውስ? የደም ግፊትም የሚለኩ ከሆነ እሰየው። ሁሉንም በአንዴ ማሠራት ካልቻልሽ ለሐኪሙ ያለሽን ብር በግልጽ ንገሪው፤ የቱ ይቅደም የሚለውን እሱ ይመርጥልሻል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የምትሠሪው አለ። ጠዋት ውሃዋን ለክተሽ ስጪ፤ በማግስቱ የቀረውን ለኪ። ሦስት ኪሎ ገደማ የሆነች ድመት በቀን ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች በጣም ብዙ ነው። ክብደቷን ለማወቅ አቅፈሻት ሚዛን ላይ ውጪ፤ ከዚያ ብቻሽን ውጪና ቀንሺ። ይህን ጽፈሽ ብትሄጂ ሐኪሙ ግማሽ ሥራው ይቀልለታል። ስትወስጃት ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ያበጀሽለት ወፍራም ካርቶን ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፊላት። ራይድ ስትጠሪ ድመት እንደያዝሽ ለሹፌሩ ቀድመሽ ንገሪው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ሽንቷ እንዲቀንስ ብለሽ ውሃ እንዳትከለክያት። ኩላሊቷ ከደከመ የጠጣችውን መያዝ ስለማይችል ነው የምትሸናው፤ ውሃውን ብታነሺባት ድርቀት ይገድላታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሷም በጀሪካን ይያዝላት። ሁለተኛ፣ አሟታል ብለሽ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት። ለሰው ቀላል የሆነው ይህ መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም እንደዚያው።

ምግቧንም እናንሣው። ሽሮ ፍትፍት ለውሮ ምግብ አይደለም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ለረጅም ጊዜ ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። በዚያ ላይ ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የወጥ መረቁም ቢሆን ያው ነው። ጾም የአንቺና የቤተሰብሽ ነው፤ እሷ አልተሳለችም። ሥጋ ቤቶች ከመዝጋታቸው በፊት ትንሽ ሥጋ ወይም ዶሮ ገዝተሽ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ፣ በትንንሽ ላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪላት። ሳንባ ብቻውንም አይበቃትም። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የድመት ምግብ መደባለቅ ከቻልሽ ይሻላል። ኩላሊት ከተባለ ግን ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ ስለሚያስፈልጋት ሐኪሙን ጠይቂ። ስትሰጫት ለብ አድርጊው። አፍንጫዋ ስለደከመ ለብ ያለ ምግብ ሽታው ይጠራታል።

ለሳፋው ጠርዙ ዝቅ ያለ ሌላ ፈልጊ፤ ወይም ያለሽን በአንድ በኩል ቆርጠሽ በር አውጪለት፣ ስለቱን በፕላስተር ሸፍኚው። አንዱን ከምትተኛበት አጠገብ፣ ሌላውን ብዙ ጊዜ የምትሸናበት ቦታ ላይ አድርጊ። ብዙ ስለምትሸና ሰጋቱራውን በየቀኑ ለውጪ፤ የረጠበ ሰጋቱራ ላይ መቆም አትወድም። ምንጣፉን በበረኪና አታጽጂው። ሽንት ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለልጆቹም ለእናንተም ጥሩ አይደለም፤ ሽታውም ድመቷን ወደዚያው ይመልሳታል። በኦሞ አጥበሽ፣ ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ አብሺውና አድርቂው። ባይሆን ለጊዜው ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ማታ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ይኑር። ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊላት፤ ከመተኛታችሁ በፊት ትንሽ ትብላ። ሶፋው ሥር አንድ ዱካ ብታስቀምጪላት በሁለት እርምጃ ትወጣለች።

ባለቤትሽን እንዴት ታናግሪው? ሽንት ረግጦ በተናደደበት ሰዓት አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ይሁን። መጀመሪያ "የትኛው ነው በጣም ያስመረረህ?" ብለሽ ጠይቂው። ሽታው ነው? እንቅልፉ ነው? ወጪው ነው? መልሱን እስኪጨርስ ስሚው። እንቅልፉ ከሆነ መፍትሔው ከሽታው ይለያል። ከዚያ የኩሽናውን ነገር ንገሪው። "የእማዬ የመጨረሻዋ ናት" በይው፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት የለብሽም። ቀጥሎም የሁለት ወር ጊዜ ጠይቂው። አንድ ምርመራ፣ አብራችሁ የምትቆርጡት የብር ጣሪያ፣ የሳፋው ለውጥ፣ ጽዳቱ ደግሞ በአንቺና በልጆቹ። ሁለት ወር ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ትነጋገራላችሁ። ማለቂያው ያልታወቀ ነገር ነው ሰውን የሚያስመርረው። ቀን ያለው ሸክም ይቻላል።

ለጎረቤትሽ መልስ አያስፈልጋትም። ለሰው የምትሰጪውን ሳትቀንሺ ለውሮ የመደብሽው ብር የማንንም ዳቦ አልነጠቀም።

ስለ መርፌው። ይህን ለአንቺ እኔ አልወስንም፤ ኃጢአት ነው አይደለም ለሚለውም የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ስትጠይቂያቸው ግን "ድመቴን ላስገድል ወይ?" ብቻ አትበያቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ ያለችበትን ሥቃይና የተሞከረውን ሁሉ ንገሪያቸው። የማውቀውን ልንገርሽ። በአግባቡ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል፤ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ የሚሰጣት ልቧን ያቆመዋል። በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሕመም አይሰማትም። ያለ ማስተኛ የሚሠራ ካለ እሺ አትበዪ፤ ምን እንደሚጠቀሙ አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን መንገድ ካልመረጥሽም ሕመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት ከሐኪሙ ወስደሽ፣ እስከ መጨረሻው ቤትሽ ውስጥ ልትንከባከቢያት ትችያለሽ። ዝም ብሎ እየተሠቃየች እንድትቆይ መተው ግን አማራጭ አይሁን።

ጊዜው መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? ግድግዳ ላይ ካለው ካሌንደር ላይ በየማታው ምልክት አድርጊ፤ ልጆቹም ይርዱሽ። በላች? ሳፋዋ ድረስ ሄደች? ራሷን ላሰች? ስትነኪያት ኩርር አለች? እነዚህ ካሉ ቀኑ ጥሩ ነበር። መጥፎ ቀኖቹ ከጥሩዎቹ መብዛት ሲጀምሩ ካሌንደሩ ይነግርሻል። ፍቅር ብዙ ነገር ስለሚያስረሳ ነው በጽሑፍ ይሁን የምለው። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ለሐኪሙ ደውዪ፤ ድመት ለቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ይጎዳል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን አስቸኳይ ነው።

ልጆቹስ ምን ያውቃሉ? እውነቱን በልካቸው ንገሪያቸው። "ውሮ አርጅታለች፣ ታማለች፣ እያስታመምናት ነው" ይበቃል። የመጨረሻው ቀን ሲመጣ "ጠፍታ ሄደች" አትበያቸው፤ በየኮንዶሚኒየሙ ሥር ሲፈልጓት ይከርማሉ።

በዚህ ሳምንት ውሃዋን ለኪ፣ መዝኛት፣ ለክሊኒክ ደውዪ፣ ሳፋውን ቁረጪ። ከባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት ከምርመራው በፊት ቢሆን ይሻላል፤ አብሮሽ ቢሄድ ደግሞ ሐኪሙ የሚለውን በራሱ ጆሮ ይሰማል። የምርመራው ውጤት ሲደርስሽ እንደገና ጻፊልኝ። ኩላሊት ከሆነ ስለ ምግቧና ቤት ውስጥ በመርፌ ስለሚሰጥ ፈሳሽ፣ ታይሮይድ ከሆነ ስለ እንክብሉ አሰጣጥ በሚቀጥለው እንነጋገራለን።